የሞተር ሱባኤ

አዲስ የፍጥነት መኪና የገዛ ሰው፣ ዋጋውንና ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ ሞተር ላይ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ የተደነገገውን መቶ በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ያለ ማጉረምረም ከከፈለ በኋላ፣ ወዲያው ይመንናል፤ ሮዳጅ የተባለው ይህ ሱባኤ ፒስተንና ሲሊንደር እስኪስማሙ፣ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ መርገጥን ያወግዛልና።

ለዚህ ተጋድሎ ከነቀምቴ ወደ ኡኬ የሚወስደውን መንገድ የመሰለ ገዳም ከወዴት ይገኛል? ወዳጄ የሦስት መቶ ፈረስ ጉልበቱን ይዞ ጉድጓድ አፋፍ በደረሰ ቁጥር እኔን ያወርደኛል፤ የመኪናው ሆድ ድንጋይ እንዳይልስ ጎንበስ ብዬ እያየሁ «ና፣ ና፣ ቀስ!» ስለው፣ ጆንያ የተጫነች አህያ በትሕትና ቆማ ታየንና ትቀድመናለች።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሮዳጁ ሲፈጸም ጾሙ እንደሚፈታ ያስተምራል፤ መንገዱ ግን ከመጽሐፉ የጠበቀ መምህር በመሆኑ እስከ ዛሬ ፍስክ አላወጀም። በዚህም ወዳጄ፣ ኃጢአት ያልነካው፣ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ ያለውን ዓለም ንቆ የተወ፣ እንከን የለሽ ሞተር ባለቤት ሆኗል።

ሮዳጅ የማያውቀው ባጃጅ ግን አራት ሰውና አንድ በግ ጭኖ፣ ከእኛ ቀድሞ ኡኬ ገባ።