ከጾሙ ያነሰች ዶሮ

የደባርቅ እናት ወጥ አሠራር ስትናገር ቁጥር ከአፏ አይወጣም። እማየ በስልክ ያስተማረችኝ የዶሮ ወጥ እንዲህ ነው፦ ሽንኩርቱ በዛ ይበል፣ በርበሬው ደህና ይግባበት፣ ቅቤው እንደ አቅምህ፣ ኮረሪማው ለሽታ ያህል፤ ከዚያ እስኪበቃው ታቁላላዋለህ። "የሚበቃው መቼ ነው?" ስላት "ሽታው ይነግርሃል" አለች። ችግሩ ሽታው ያለው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፎቅ ላይ፣ ሽታውን የሚያውቀው አፍንጫ ደግሞ ደባርቅ መሆኑ ነው።

እኔ ማጀት ያላሳደገኝ ሰው ነኝ። እኛ ቤት ወንድ ልጅ ምድጃ ዳር ከተገኘ "ምን ጠፋህ?" ተብሎ ይባረራል፤ ደጋግሞ ከተገኘ ስም ይወጣለታል። እንዲህ እየተባረረ ያደገ ሁሉ አሜሪካ ሲገባ፣ ዐውዳመት በደረሰ ቁጥር እናቱን በቪዲዮ ጠርቶ "እባክሽ ንገሪኝ" እያለ ይለማመጣል። እማየን ይህንን ባስታውሳት "ታዲያ ያኔ ሳባርርህ ምነው እሽ ብለህ ወጣህ?" አለችኝ። መልስ የለኝም።

ትምህርቱ የሚሰጠው ስልኩን ከድስቱ በላይ አንጠልጥዬ ነው። እንፋሎቱ ካሜራውን ይሸፍነዋል። "አልታየኝም፣ ዝቅ አድርገው" ትላለች። ዝቅ ሳደርገው "ኧረ ስልኩ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ!" የሚል ሌላ ድምፅ ይሰማል። እማየ የልጇን ወጥ ብቻዋን አታይም፤ ቡና የተጠሩት ጎረቤቶች በሙሉ ስልኩ ላይ ያፈጣሉ። አንዷ እትዬ "ሽንኩርቱ አረረ" ስትል ሌላዋ "ምን አርሮ፣ ገና ጥሬ ነው" ትላለች። ክርክሩ ወደ ቤት ለቤት ወሬ ይዞርና የእኔ ድስት ይረሳል። ቆይታ እማየ ድንገት ትዝ ሲላት "አሁን እንግዲህ ዋናው ነገር፣ ቅቤውን ከመጨመርህ በፊት…" ትላለች፤ መስመሩም ልክ እዚያ ላይ ይቋረጣል። እስኪመለስ ድረስ ወጡ የራሱን ውሳኔ ወስኖ ይጠብቀኛል። መስመሩ ሲመለስ "ከቅቤው በፊት ያልሽው ምን ነበር?" እላታለሁ። "ኧረ ምን ብየ ነበር ልጀ?" ትላለች።

እዚሁ የተወለደው የእህቴ ልጅ ይህ ሁሉ ትርምስ የመጣው በግራም ስለማንናገር ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ አንድ በዓል ሲቃረብ ደባርቅ ያለውን ያጎቴን ልጅ አዘዝነው፤ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሶ የእማየን እፍኝ እንዲመዝን። እማየ በርበሬውን ዘግና ሰጠች፣ ተመዘነ፣ ተመዘገበ። ለማረጋገጥ ድገሚው ስትባል የመጀመሪያውን እጥፍ ሊያህል ጥቂት የቀረው ዘግና ሰጠች። "ምነው ተለያየ?" ቢላት "የፊተኛው ለቤት ሰው ነው፤ ይኸኛው እንግዳ ሲመጣ" አለች። ሦስተኛ ይመዘን ሲባል "አባታችን የሚመጡበት ከሆነ ደግሞ…" ብላ ወደ ሌማቱ ስታመራ ልጁ ሚዛኑን ይዞ ወጣ። የእህቴ ልጅ ማስታወሻ ላይ የሰፈረው መስፈሪያ ይኼው ነው፦ "በርበሬ፦ መጀመሪያ ማን እንደሚመጣ ይጠየቅ።"

ለነገሩ ተፈጥሮም አልረዳችንም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ዋሽንግተን ዙሪያ ግን መቶውን ካልደፈነ አይፈላም። እማየ "ሁለት ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይንተክተክ" የምትለው በዚያ አየር፣ በዚያ ውሃ ነው። እኔ ጋ ሁለት ሰዓት የተንተከተከ ወጥ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ይህንን ሳስረዳት ትንሽ ዝም ብላ "ውሃውም እዚያ ሲደርስ ጠባዩ ተለወጠ?" አለች። "ም" የተባለው ስለ ውሃው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ዶሮዋም አለች። የአገር ቤት ዶሮ ግቢውን ስታስስ ኖራ፣ ሮጣ፣ ተባራ፣ ጠንክራ ነው ድስት የምትገባው፤ ሁለት ሰዓት ቢበዛባት እንኳ አታሳፍርም። የአሜሪካ የሥጋ ዶሮ ግን ከተፈለፈለች በ7 ሳምንት ገደማ ትታረዳለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዘወረደ ሰኞ የተፈለፈለች ጫጩት ለፋሲካ ሳትደርስ አድጋ፣ ወፍራ፣ ታርዳ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ትተኛለች። እኛ ገና ሽሮ ላይ ነን። እንዲህ ያለችው ዶሮ የእማየን ሁለት ሰዓት አትችለውም፤ ድስቱ ሲከፈት ሥጋዋ ቁሌቱ ውስጥ ቀልጦ አጥንቷ ብቻ ይገኛል።

"ከጾሙ ያነሰች ዶሮ እንዴት አድርጋ ጾም ታስፈታለች?" አለች እማየ። ቀጠለችና "ለመሆኑ ማን ነው በስመ አብ ብሎ ያረዳት?" ስትል፣ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞርኩት።

የብልቱ ነገርማ ባይነሣ ይሻላል። የዶሮ ብልት 12 መሆኑን ደባርቅ ላይ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እዚህ ተቆራርጣ የምትሸጠው ዶሮ ስምንት ቦታ ናት፤ ፈረሰኛው ከመላላጫው ጋር እንደተጣበቀ ነው። በዓል ቀን ፈረሰኛ የሚገባው ሽማግሌ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ከደረት ላይ በጣቱ ሲፈልግ ማየት ያሳቅቃል።

በ2017 የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ አንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ዋለ። ያ ዓመት በአሜሪካ የእንቁላል ዓመት ነበር፤ የወፍ ጉንፋን ዶሮዎቹን ፈጅቶ ፋሲካው ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ ከ6 ዶላር አልፎ ነበር። በዚህ ላይ ሁለቱ በዓል አንድ ላይ ሲውል እነሱም እኛም እንቁላል ፍለጋ ተነሣን፤ እነሱ ቀለም ሊቀቡት፣ እኛ ወጥ ውስጥ ልንከተው። እማየ የቀለሙ ነገር ገረማት።

"ቀብተው ምን ያደርጉታል?"

"ሣር ውስጥ ይደብቁትና ልጆች ይፈልጉታል።"

"የእኛይቱ ዶሮ ራሷ ትደብቀው የለ? ለዚህ ደግሞ ቀለም ገዙ?"

አሁን ስለ አንዲት የዳባት ልጅ ልናገር። እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ዳባትና ደባርቅ ከጎንደር በሚወጣው በአንድ መንገድ ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ መኻላቸው ወቅን አለች። አዲስ አበባ ላይ ሁላችንም "የጎንደር ልጆች" ነን፣ ጎንደር ላይ "ሰሜኖች" ነን፤ አንድ ድስት ፊት ስንቆም ግን እሷ ዳባት፣ እኔ ደባርቅ። ኮረሪማ ከቅቤው ጋር ይነጠራል ትላለች፤ በቂ ነው፣ ወጡ ላይ መድገም ጣዕም ማበላሸት ነው። እማየ ደግሞ ወጡ ሊወጣ ሲል ካልተነሰነሰ ወጥ አልሠራህም ባይ ናት። የእማየን ቃል ሳደርስላት የዳባቷ ልጅ "ደባርቅማ ብርዱ አፍንጫችሁን ደፍኖት ነው፤ ሳይደጋገም መች ይሸታችኋል" አለች። መልእክቱን ወደ ደባርቅ መለስኩት፤ መካከል ላይ የቆመ ሰው ምን ያድርግ? "ዳባት መንገደኛ ይበዛበታል፤ ቶሎ ቶሎ እየሠሩ ለምደው ነው" የሚል ምላሽ መጣ። አማርኛው ጨዋ ነው፤ የገባው ይገባዋል።

እንጀራ ላይ ሁለታችንም አንገት እንደፋለን። እኛ ገብስ በልተን ያደግን ነን። ደባርቅ ለጤፍ ትበርዳለች፤ ጤፍ የሚመጣው ከታች ከወይና ደጋው ነው፣ ቤታችን የሚገባውም ለዐውዳመት ነበር። አሜሪካ ላይ ጤፍ የዕለት እንጀራ ሆነ፤ ያውም አይዳሆ የበቀለ ጤፍ። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በእነሱ 1970ዎቹ ኢትዮጵያ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ አይዳሆ ላይ ዘራው፤ ዱቄቱ "ማስካል" ተብሎ ይሸጣል። "መስቀል ካሉትማ ክርስትና ተነሥቷል" ብላ እማየ ፈቀደች። እንግዲህ ጤፍ ጠግበን ገብስ አማረን። የሱፐርማርኬቱ ገብስ ለሾርባ ተፈትጎ የነጣ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢከርምም አይበቅልም። ገብሱ ካልበቀለ ብቅል የለም፣ ብቅል ከሌለ ጠላ የለም።

የጠላው ጉዳይ የመጣው ለጥምቀት ነው። ጌሾው አላስቸገረም፤ ከሐበሻ ሱቅ ቅጠሉም እንጨቱም ይገኛል። ወይራም ለጭስ ተቆራርጦ ይሸጣል። ማሰሮ ሳይታጠን ጠላ የሚጠነስስ የለም፤ እኔ ቤት ደግሞ ዕጣን እንኳ ሲጨስ ኮርኒሱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ሕንፃውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። የዳባቷ ልጅ የተከራየችው ቤት ጓሮ ስላለው ማሰሮዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ወይራውን አቀጣጥለን፣ እሳቱን አጥፍተን፣ ማሰሮውን ጭሱ ላይ ደፋነው። ጎረቤቷ ፈረንጅ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ደስ የሚል ሽታ ነው፣ ምን እየጠበሳችሁ ነው አለን። ማሰሮውን ቀና አድርጋ አሳየችው፤ ባዶ ነው። "ገና ነው" አለችው። ሰውየው አንዴ ማሰሮውን፣ አንዴ እኛን አይቶ መልካም በዓል ተመኘልንና ገባ።

ብቅሉን ያገኘሁት ቢራ በቤታቸው ለሚጠምቁ ሰዎች ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። የገብስ ብቅል በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል፤ እማየ ብታየው እዚያው ታድር ነበር። ሻጩ ጢማሙ ጎልማሳ የምጠምቀውን ሲሰማ ጌሾውን አሽትቶ ትንሽ ስጠኝ አለኝ። ሕጉን የነገረኝም እሱ ነው። አሜሪካኖች በእነሱ 1933 የመጠጥ ክልከላቸውን ሲያነሡ የቤት ወይን ጠጅ ተፈቅዶ የቤት ቢራ ሳይፈቀድ ቀረ። የተፈቀደው በ1978 ጥቅምት፣ ጂሚ ካርተር ሲፈርም ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1971 መሆኑ ነው። ከዚያ ከወር ብዙም በማይበልጥ ጊዜ በፊት፣ ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እዚያው ዋሽንግተን ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን ቅርሶች መዝግቦ ነበር። ቅርሶቹ እንደ ዶሮ ብልት 12 ናቸው፤ ሁለቱ የእኛ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። የደጃችን ተራራ ከእኛ ቀድሞ ዋሽንግተን ገብቶ፣ የጠላው ፈቃድ ከኋላው ተከትሎ ወጣልን ማለት ነው። ይህንን ለዳባቷ ልጅ ስነግራት "የፓርኩ በር ደባርቅ ላይ ስለሆነ ፈረሰኛውን ልትወስድ ነው?" አለች።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ለሽያጭ እስካልሆነ ድረስ፣ አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል። መቶው ጋሎን በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 19 ገደማ ነው። ለእማየ ጀሪካኑን ቆጥሬ ነገርኳት።

"ለጥምቀት ብቻ ነው?"

"ለዓመት ነው እማየ።"

"ማኅበሩስ? ክርስትና ቢጠራስ? በአሥራ ዘጠኝ ጀሪካን ሰው ምኑን ኖረ?" አለች። ከዚያ ነገሩን በልቧ ስታወጣ ስታወርድ ቆየችና "ቆይ፣ ሁለት ሲኮን እጥፍ ነው ያልከው?" አለች።

"አዎ።"

"ይኸው! መንግሥታቸውም አግባ እያለህ ነው።"

ልስቅ ስል መስመሩ ተቆራረጠ። መስመሩ የሚጠፋው ስፈልገው እንጂ ስሸሸው ስላልሆነ ወዲያው ተመለሰ። ከኋላዋ የእትዬዎቹ ሹክሹክታ ይሰማል።

"ያች የዳባት ልጅ" አለች እማየ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "ኮረሪማውን እንኳ ተወው፣ እሱ ይለመዳል። ጌሾ ግን አሳምራ ትወቅጣለች?"