ቡናው ቆሞ፣ ቅዳሴው ተቀምጦ

የተወለድኩት ሰኔ ላይ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ» እያለች ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። ፓስፖርት ላወጣ የሄድኩ ቀን ግን ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ጎረምሳ «የቀን ማስረጃ አለዎት?» አለኝ። ማስረጃዬ እናቴ ናት፣ እሷም አርፋለች። ቀና ብሎም ሳያየኝ «ጃንዋሪ አንድ» ብሎ ሞላው። ከዚያ ወዲህ በሰኔ የሚያስታውሰኝ የለም፤ ልጆቼ በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ በገና ጾም መጨረሻ ሳምንት፣ በስልክ ይዘፍኑልኛል።

ዘንድሮ ስልኩ አልበቃ አላቸው። «አባባ፣ ሰባ አምስት እኮ ሞላዎት! ሮም ነው የምናከብረው» አሉኝ። ሴቷ ስቶክሆልም፣ ወንዱ ፍራንክፈርት ነው የሚኖሩት። ለምን ሮም ብል «እርስዎ ጣሊያንኛ ይችላሉ» ተባልኩ። የእኔ ጣሊያንኛ የጋራዥ ነው። ለታክሲው ሾፌር ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ መሆኑን በደንብ አስረድቼዋለሁ፤ በዚህ ቋንቋ ሞተር ማውረድ ይቻላል፣ ምሳ ማዘዝ ግን አይቻልም።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ደላድሎ ያስቀመጠኝ አውሮፕላን ማረፊያው ብቻ ነው። ልጆቹ ሳይነግሩኝ ዊልቸር አዘውልኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እግሬን ማፍታታት ነበር ያማረኝ። ከዚያ በኋላማ ወንበር የሚባል ነገር አላየሁም።

ጠዋት ቡና እንጠጣ ተባለና ወጣን። ደስ አለኝ። ቡና ሲባል እኔ የማስበው ቁጭ ብሎ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ማድረስ፣ በመሃሉም ጎረቤቱን ማማት ነው። የሮም ሰው ግን ባንኮኒው ላይ በክርኑ ይደገፍና በሁለት ጉንጭ ጭልጥ አድርጎ ይወጣል። ሲኒው ከመሞቁ ባዶ ነው። ልቀመጥ ወንበር ስስብ ወንድ ልጄ ክንዴን ያዘኝ። «አባባ፣ ቁጭ ካልን ዋጋው ሌላ ነው።» ሌላ ማለት ምን ያህል? ቆመው ሲጠጡት ከአንድ ዩሮ ትንሽ ከፍ የሚለው ቡና፣ ተቀምጠው ሲጠጡት ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ቡናው ያው ቡና ነው፤ ልዩነቱ የወንበሩ ነው። በስተርጅና ለመቀመጫዬ ኪራይ ልከፍል? ቆሜ ጠጣሁ። ጉልበቴ እስከ ማታ ሲረግመኝ ዋለ።

ከዚያ የስፔን ደረጃ ወደሚባለው ወሰዱኝ። ከ300 ዓመት በፊት የተሠራ 135 ደረጃ ነው፤ ሰፊ፣ ነጭ፣ ለመቀመጥ ተብሎ የተጠረበ የሚመስል። ሦስተኛው ላይ አረፍ ከማለቴ ፊሽካ ተነፋ። ዞር ብል ፖሊስ ነው፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። ለካ በፈረንጆቹ 2019 በወጣ ደንብ እዚያ መቀመጥ ክልክል ሆኗል፤ ቅጣቱም 250 ዩሮ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚሁ ከተማ ኮሎሲየም የሚባል አለ፤ ሰው ከአውሬ ሲታገል እያየ እንዲዝናና ለ50 ሺህ ሕዝብ መቀመጫ ያበጁለት። ለ50 ሺህ ያልጠበበ ከተማ ለአንድ ሽማግሌ ጠበበው።

«ቤተ ክርስቲያን እንግባ፣ እዚያ ያርፋሉ» አለች ልጄ። ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሄድን። ፓፓ ፍራንሲስ እዚያ ስለተቀበሩ ሰልፉ ረጅም ነው፤ እሱንም በቁሜ ጨረስኩት። የእመቤታችን ቤት ነውና በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። አንዱን ካወለቅሁ በኋላ ነው ልጄ በድንጋጤ «አባባ፣ እዚህ አይወለቅም!» ያለችኝ። አንድ እግሬ በካልሲ እምነ በረዱ ላይ፣ አንዱ በጫማ፣ ከኋላዬ ሰልፉ ቆሞ። ገብቼ ሳይ ደግሞ ወንበር በወንበር ነው! እኛ ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፈን የምናነጋበትን እነሱ ደገፍ ብለው ያስቀድሳሉ። ቡናቸውን ቆመው፣ ቅዳሴያቸውን ተቀምጠው። እኔም አፈርኩና ከአንዱ ምሰሶ ሥር ቆምኩ። ልጄ «ለዕረፍት አይደል የመጣነው?» ብትለኝ፣ እግዚአብሔር ቤት ውስጥ እግሬን ዘርግቼ አልቀመጥም አልኳት።

የአዲስ ዓመት ዋዜማው ራት ግን ከዚህም የባሰ ነበር። ጾመኛ መሆኔን ለአስተናጋጁ ልጆቼና የልጅ ልጄ በየቋንቋቸው አስረዱት። ፊቱ በራና «ዛሬማ የሚሆንዎት አለ» ብሎ ሄደ። ጣሊያኖች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምስር ይበላሉ፤ ፍሬው ሳንቲም ስለሚመስል ገንዘብ ያመጣል ይላሉ። ምስር! ከእንጦጦ ሥር ተነስቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ በዩሮ ምስር ልበላ። እሺ ይሁን፣ ቢያንስ የለመድኩት ነው ብዬ ስጠብቅ ሳህኑ መጣ። ምስሩ ላይ ሮዝ ሥጋ፣ ክብ ክብ ተደርጎ ተቆርጦ ተደርድሯል። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። ሁለቱ ልጆቼ ተያዩ። የልጅ ልጄ፣ ውጭ አገር ተወልዶ አንቱታ ያልተማረው፣ «አሳማ ነው አባባ፣ አትወድም?» አለኝ።

ጾም፣ በጾሙ ሥጋ፣ ሥጋውም የአሳማ! አስተናጋጁ በብዙ ይቅርታ ሳህኑን ወስዶ፣ ሥጋውን አንስቶ፣ ያንኑ ምስር መልሶ አመጣልኝ። ከዳር ሞራው ያብለጨልጫል። ቂጣ በቲማቲም በልቼ አደርኩ። ቀጥሎ ኬክ መጣ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት፣ ላዩ ላይ ሻማ ተሰክቶ። እኛ ሻማ የምናበራው ለስለት ነው፤ እነሱ አብርተው ሲያበቁ «እፍ ይበሉት» ይሉኛል። ምግብ ቤቱ በሙሉ እያጨበጨበ እፍ አልኩት፤ ኬኩን ግን ለልጆቹ ተውኩት።

ሲያዞሩኝ ሰንብተው እኔ የጠየቅኋቸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ፖርታ ካፔና። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ጭና የወሰደችውን ሐውልት ያቆመችበት አደባባይ ነው፤ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረው ሕንፃ ፊት ለፊት። አሁን ሕንፃው ውስጥ ያለው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ በማራቶኑ በባዶ እግሩ ሲያልፍ ሞሮኳዊ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው እዚያ ሐውልት አጠገብ ነው፤ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። እኔ ልጅ ነበርኩ። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ዶሮውን ማንም አላስታወሰውም።

ለመሄድ ግን ሲያሰቃዩኝ! አበበ 42ቱን ኪሎ ሜትር በጨረሰበት ሰዓት እኛ ከቤት መውጣት አቃተን፤ ለዚያ ሁሉ ሰው መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነው። ስንደርስ የልጅ ልጄ ግራ ቀኝ አየና «ሐውልቱ የለም እኮ!» አለ። አዎ፣ የለም። በ1997 ወደ አገሩ ገባ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። ሮም ውስጥ ጥሩ አድርገው የሠሩት ሐውልቱ የሌለበት ያ ቦታ ነው። ደጋግሜ ዞርኩት፤ እነሱ በብርድ እየተንቀጠቀጡ «በቃዎት?» ይሉኛል። ኮሎሲየም ዙሪያ ግማሽ ቀን ሲያቆሙኝ እኔ «በቃችሁ?» ብያለሁ?

በልደቴ ቀን፣ ማለት በፓስፖርቱ ቀን፣ እኩለ ቀን ሲሆን ጃኒኮሎ ከሚባለው ኮረብታ መድፍ ተተኮሰ። በየቀኑ ይተኩሱታል አሉ፤ እኔ ግን መንግሥት የተገለበጠ መስሎኝ የልጅ ልጄን ጎትቼ ግድግዳ ሥር ገባሁ። ሕዝቡ ይስቃል። ለካ ሁሉም ፖንቴ ካቩር ድልድይ ላይ የተኮለኮለው መድፉን ጠብቆ ነው። ከፈረንጆቹ 1946 ጀምሮ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ከዚያ ድልድይ ወደ ቴቬሬ ወንዝ ይዘላሉ። አንዱ በዋና ልብስ ብቻ ወጣ፣ አማተበ፣ በጭንቅላቱ ወረደ። ወንዙ ድፍርስ አረንጓዴ ነው፤ እኔ ካፖርትና ጋቢ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ይጋጫል። ሰውየው ብቅ ሲል ጭብጨባው ቀለጠ።

እኔም የድልድዩን ድንጋይ መደገፊያ በእጄ እየዳበስኩ ጠጋ አልኩ። ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች። «አባባ! ምን ሊያደርጉ ነው?» ልዘል መስሏታል። ድንጋዩ ለመቀመጥ ይሰፋ እንደሆነ ነበር የማየው። ይሰፋል። ግን ፖሊሱ ቀድሞ አይቶኝ ፊሽካውን ወደ አፉ ወስዶ ነበር።