ሣጥንና ቀስት

ኮድ መጻፍ ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ የተገለጠ ምሥጢር ሆኖ መቅረቱ ያሳዘናቸው የአሜሪካ ጠቢባን፣ ማንም ጸሐፊ ሣጥንን ከሣጥን በቀስት እያያያዘ መረጃን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው በራሱ ጊዜ እንዲፈስ የሚያደርግበትን መሣሪያ ለአዳም ልጆች ሁሉ አበረከቱ። የያሁ ኩባንያ «ፓይፕስ» (ቧንቧዎች) የተባለውን በ2007 እ.ኤ.አ. ከፍቶ በ2015 ሲዘጋው፣ ቧንቧውን ተማምኖ የኖረው ምእመን ደረቅ ላይ ቀረ። «ናይፋይ» የተባለውን ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጸጥታ ኤጀንሲ ለራሱ ጉዳይ ሠርቶ ከተገለገለበት በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. ለአፓቼ የሶፍትዌር ድርጅት በነፃ ሰጠ፤ የሰውን መረጃ ከቦታ ወደ ቦታ በማጓጓዝ ረገድ ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያለው መምህር ከወዴት ይገኛል?

እንግዲህ የአዲስ አበባው ጸሐፊ፣ አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ሊቅ እንደሚሆን ተነግሮት ሣጥኖቹን ባጋባ ጊዜ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያደገው መሣሪያ በ09 የሚጀምረውን ስልክ እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ብዙ ጊዜ ዜሮውን ይውጥበታል፤ ጳጉሜን 5 ሲደርሰውም ዓሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልስበታል። መመለሱስ ደግ ነበር፤ የሚያስፈራው መቀበሉ ነው። የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. «15/6/2016» ተብሎ ሲቀርብለት፣ ያለ አንዳች ማጉረምረም በፈረንጆቹ ጁን መዝግቦ፣ ትናንት የገባውን ማመልከቻ ስምንት ዓመት ገደማ አስረጅቶ፣ አረንጓዴ መብራት ያበራል።

መድኃኒቱ በሣጥኑ ጥግ ባለች ጠባብ ስፍራ ቀመር መጻፍ ነው። ቀመሩን የሚጽፈው ያው የጥንቱ ኮድ ጸሐፊ ነው፤ ደመወዙም አልቀነሰም።