አያን ኤጀንት አድርጉልኝ

ደግነት እንዲህ ነው እንግዲህ! እኛ ኮድ ጻፊዎች ሰሞኑን አዲስ ጽድቅ አግኝተናል፤ የየመሣሪያውን መመሪያ እያገላበጥን፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች፣ ማለትም ታዘው በራሳቸው ሥራ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ ምን ያህል እንደሚገባ መርምረን ነጥብ እንሰጣለን። ባለፈው ሳምንት ተራው የ«ጊት ስታተስ» ነበር። ለማያውቀው፣ ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው፣ በፋይል ላይ ማን መቼ ምን እንደለወጠ መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ ነው። «ስታተስ» ሲሉት የተነካውን፣ የተሰረዘውንና ገና ያልተመዘገበውን ይዘረዝራል። ወደ ጎጃም ሲመጣ «ጉዳዬ ከምን ደረሰ?» ማለት ነው።

ሚዛናችን ጥብቅ ነው። መልሱ ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት ነው ወይ? ምሳሌ አለው ወይ? ችግር ሲገጥም ቀጥሎ የሚደረገውን ይናገራል ወይ? ኤጀንቱ ግራ እንዳይገባው፣ ደጋግሞ እየጠየቀ እንዳይንገላታ! እናት ለልጇ እንዲህ አትሳሳም።

ጊት ማሽን እንዲያነበው ያዘጋጀው አጭር መልስ አለው፤ «ፖርሲሊን» ይሉታል። ስሙ ከመጸዳጃ ቤት የመጣ ቀልድ ነው፦ ሰው የሚቀመጥበት ሸክላ ፖርሲሊን፣ ከግድግዳ ጀርባ የተቀበረው ደግሞ ቧንቧ። ታዲያ ለማሽን የተሰናዳው መልስ የሰውየውን መቀመጫ ስም ይዞ ተገኘ። የዋሸራ ቅኔ መምህር ቢሰሙ «ሰሙና ወርቁ ቦታ ተለዋውጧል» ብለው ያስቆሙን ነበር፤ እኛም ግማሽ ቀን ተከራክረን ነጥብ ቀነስንበት። መመሪያው ግን ይህ መልስ የጊት ስሪት ቢቀየርም፣ ተጠቃሚው ምርጫውን ቢለውጥም እንደማይለዋወጥ ቃል ይገባል። ቃል! ለማሽን!

ክርክሩ እንደጋለ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው፤ እኛ ቤት «አያ» ነው የሚባሉት። ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። በመሬት ደብተራቸው ላይ አንድ ጥማድ በስህተት ወደ ጎረቤት ስም ዞሮባቸው፣ አቤት ካሉ ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ይኸ ኤጀንት የምትለው የማን ልጅ ነው?»

«የማንም አይደለም አያ፣ ማሽን ነው።»

«ግብር ይከፍላል?»

«አይከፍልም።»

«ታዲያ በምን ተሻለና ቶሎ መለሱለት?»

የምለው ስላጣሁ ያንኑ ሚዛን አንስቼ አያ የሚመላለሱበትን መሥሪያ ቤት መዘንሁበት፤ ስሙን አልጠራም። መልሱ አንድ ዓይነት ነው? ሰኞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ረቡዕ «ፋይሉ መዝገብ ቤት የለም»፣ ዓርብ «ኔትወርክ የለም»። ምሳሌ አለው? አለው፤ ከአያ ፊት የተሰለፉት፣ አምስተኛ ክረምታቸውን የያዙት ሽማግሌ ናቸው። ቀጥሎ የሚደረገውን ይናገራል? «ነገ ይምጡ።» ይህቺ እንኳ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ፊደል አልተለወጠባትም፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

የምቀናው ግን በጊት ምልክቶች ነው። «ኤም» ካለ ተለውጧል፤ «ዲ» ካለ ተሰርዟል፤ «አር» ካለ ስሙ ተቀይሯል፣ ውጀትን ፍኖተ ሰላም ያልንበት ዓይነት። ሁለት የጥያቄ ምልክት ከደረደረ «አላውቀውም፣ አልተመዘገበም» ማለቱ ነው። ሁለት ቃለ አጋኖ ከሆነ ደግሞ «ችላ በለው ተብያለሁ፣ ችላ ብየዋለሁ»። ይህን የመጨረሻውን ግልጥ አድርገው ካልጠየቁት አያሳይም፤ ከጠየቁት ግን አይዋሽም። አያ ሦስት ክረምት የተመላለሱት ሁለት ጥያቄ ምልክት ይሁኑ ሁለት ቃለ አጋኖ ለማወቅ ነው። ቢነገራቸው ኖሮ ቢያንስ አረሙ አያመልጣቸውም ነበር።

ደግሞ ጊት የአንዲትን መስመር ታሪክ ቢጠይቁት ማን እንደነካት፣ በየትኛው ቀን እንደነካት ይናገራል። በመሬት ግን እንዲህ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸጋሸግ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። እርፍ የጨበጠ ቢሮክራት ያየ አገር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ የየትኛው ማሳ ድንበር በማን ቃል ወዴት እንደሄደ ዛሬ ለማወቅ ሽማግሌ ማሰባሰብ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌ ደግሞ ያልፋል። በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የሚል ተለጥፏል። የአያ ጥማድ የዞረችው በፍሉድ ነው፤ ፍሉድ ስርዝም ድልዝም አይደለምና ተቀባይነት አለው።

ለሰው ምንም አልተጻፈም እንዳልል እግዜር ይታዘበኛል። በ8028 የሚደውል ገበሬ ስለ አዘራር በአማርኛ ይነገረዋል፤ ጥሩ ሥራ ነው። የዩሪያው ጆንያ ግን 46 በመቶ ናይትሮጅን መሆኑን ለአያ የሚያወራቸው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ የሚያነበው ኤጀንት ደግሞ ማዳበሪያ አይገዛም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፦ አያን ኤጀንት አድርጋችሁ መዝግቡልኝ። መስፈርቱን ያሟላሉ። የታዘዙትን ይሠራሉ፣ ደጋግመው መጠየቅ አይሰለቻቸውም፣ ሳይበሉ ሲጠብቁ መዋል ይችላሉ። ኤጀንት ከሆኑማ «ነገ ይምጡ» የሚለው መልስ «ለኤጀንት ግልጽ አይደለም» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ኮሚቴ ይቀመጥለታል፣ ባለሙያ ይመደብለታል፣ በቀጣዩ ስሪት ይስተካከላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የዓርቡ መልስ እውነት ሆኖ ነበር። አያ የሚሉት ግን ያኔም አሁንም አንድ ነው፤ ደብተሩ ከቡሬ አልወጣም፣ ጥማዷም እዚያው ናት፣ ኔትወርኩ ለምን ያስፈልጋል? ጊት ስታተስም ኔትወርክ አይፈልግም። ካለበት ኮምፒውተር ላይ ያለውን መዝገብ አንብቦ ወዲያው ይመልሳል።