አንዴ ዋይ፣ ሁሌ ዋይ ዋይ

ትልቅ ቁጥር ያስተኛል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ጓደኛዬ ስሪት 4 እየተጠቀመ እኔ በ3.8 መቀመጥ አልችልም። በ4 ውስጥ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ጠይቁኝ፤ አላውቅም። ሊኑክስ የምጠቀም፣ ሰው ሲጠይቀኝም ስለ መረጋጋት የምሰብክ ሰው መሆኔን ሳስበው አፍራለሁ። ብዙም አልቆይበትም።

ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እንደኔ ላለ ቀናተኛ የተሠራ አይደለም። የተረጋጋው እትሙ አንዴ ከወጣ የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ስሪት ባለበት ይቆማል፤ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው ብቻ ተወስዶ በአሮጌው ስሪት ላይ ይሰፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 10 ከርነሉ 4.19 ነበር፤ ዓመት አልፎም 4.19 ነበር። ቁጥሩ ቆመ ማለት ጥገናው ቆመ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለስንቱ አስረድቻለሁ። ማታ ብቻዬን ተርሚናል ፊት ስቀመጥ ግን ለእኔ የሚያስረዳኝ የለም።

ያን ሰሞን ያማረኝ አዲስ የቪዲዮ ማጫወቻ ነበር። የነበረኝ ቪዲዮ አያጫውትም ማለቴ አይደለም። ደህናው መንገድም ክፍት ነበር፦ ባክፖርትስ የሚባለው ሪፖ (የፕሮግራም ማከማቻ) አዳዲስ ስሪቶችን ለተረጋጋው እትም እንዲስማሙ አድርጎ ያቀርባል፤ የዴቢያን ፓኬጅ አስተዳዳሪ አፕትም ቅድሚያውን 100 ላይ ስለሚያስቀምጠው አንተ ካልጠራኸው ከዚያ አንዲት አዲስ ነገር አያመጣብህም። ችግሩ፣ ባክፖርትስ ውስጥ የነበረው አዲስ እንጂ ከሁሉም አዲስ አልነበረም። ከሁሉም አዲሱ የሚገኘው ሲድ በሚባለው ባልተረጋጋው ቅርንጫፍ ነው። ስሙ ላይ «ያልተረጋጋ» ተብሎ ተጽፏል። የሲድን መስመር በምንጮቹ ዝርዝር ላይ ጨመርኩ።

ሁለት ሪፖዎች ያለ መመሪያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አፕት ለሁለቱም እኩል 500 ይሰጣቸዋል፤ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ትልቁ ስሪት ያሸንፋል። (አፕትም እንደኔው ነው። ልዩነታችን እሱ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ መናገሩ ነው።) የሚጠበቅብኝ በፕሪፈረንስስ ፋይል ውስጥ ሦስት መስመር ጽፎ ሲድን ወደ 100 ማውረድ ነበር። ሦስት መስመር! «በኋላ እጽፈዋለሁ» አልኩ።

ማጫወቻው ብቻውን አልመጣም። ከሲድ የሚመጣ ፕሮግራም የተገነባው በሲድ ሊብሲ ላይ ነው፤ ሊብሲ ደግሞ እንደ ጎጆ ምሰሶ ነው፣ በማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ተደግፎታል። እሱ ሲነቀነቅ ከአሮጌዎቹ ስሪቶች ጋር የተሳሰሩ ፓኬጆች ቦታ አጡ። አፕት የሚወገዱትን ዘርዝሮ አወጣ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ረጅም ጽሑፍ እኔ ዘንድ የመስማሚያ ምክንያት ነው፤ የባንክ ውል የምፈርመውም እንዲሁ ነው። ዋይ አልኩት።

ይህ እንኳ ይቅር ይባል ነበር። ነውሩ የመጣው ልመለስ ስል ነው። ዴቢያን ስሪት ማውረድን አይደግፍም፤ ሆኖም ቅድሚያው ከ1000 ካለፈ አፕት እያወረደም ቢሆን እንደሚጭን የሆነ ቦታ አንብቤ ነበርና ለተረጋጋው እትም 1001 ሰጠሁት። ሦስቷን መስመር ያኔ ጻፍኳት። የዚያን ጊዜው አፕት፣ ሥርዓቱ ያለ እነሱ የማይቆምባቸውን ፓኬጆች ሊያጠፋ ሲል ዋይ አይበቃውም ነበር፤ «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» የሚለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ ከነቃለ አጋኖው፣ በእጅህ ያስጽፍህ ነበር። ሰው እየጻፈ ያስብበት ተብሎ ነው። እኔ እየጻፍኩ ያሰብኩት ቃለ አጋኖው ኪቦርዱ ላይ የት እንዳለ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ታዋቂ የዩቲዩብ አቅራቢ ስቲምን ሊጭን ብሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ዴስክቶፑን ሲያጠፋ ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ። የአፕት ሠሪዎች ግን ከመሳቅ ይልቅ በሩን አጠበቡት።

ንስሐ ገብቼ ኦፕን ሱዜ የሚባል ሌላ ሊኑክስ ዘንድ ተጠለልኩ። የዚያ ቤት አስተዳዳሪ ዚፐር ጨዋ ነው፦ እያንዳንዱ ፓኬጅ ከየትኛው አቅራቢ እንደመጣ ያስታውሳል፤ በተራ አፕዴት ጊዜ ሌላ ሪፖ ትልቅ ቁጥር ይዞ ቢመጣ እንኳ ያለ ፈቃድህ አቅራቢ አይቀይርም። የቪዲዮ ኮዴክ ከፓክማን ሪፖ ማምጣት ሲያስፈልግ ለዚያ ሪፖ ብቻ፣ ለዚያች ጊዜ ብቻ ትፈቅድለታለህ። እኔ ፈቃዱን በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ለዘለዓለም ሰጠሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ደስ አይለኝም።

ዚፐር ግጭት ሲያጋጥመው መፍትሔዎቹን ቆጥሮ ያቀርባል፦ መፍትሔ 1 ይኼኛውን አጥፋ፣ መፍትሔ 2 ያኛውን አትጫን፣ መፍትሔ 3 ጥገኝነቱን ችላ ብለህ ስበረው። ቅደም ተከተሉ እንደየግጭቱ ይለያያል፤ እኔ አልለያይም፤ ሁሌም 1 ነኝ። መጀመሪያ የተጻፈው ቢሻል ነው እንጂ ለምን መጀመሪያ ይጻፋል? በዚህ ስሌት የሙዚቃ ማጫወቻ ላድስ ብዬ ማሽኔን ድምፅ አልባ አድርጌው አውቃለሁ።

ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን የሊኑክስ ሊቅ እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አዲስ ሪፖ ሊጨምር ሲል ወንበሬን አስጠግቼ አስተምረዋለሁ። መጀመሪያ ባክአፕ እላለሁ። ከዚያ «አፕት-ካሽ ፖሊሲ» ብለህ የትኛው ሪፖ ስንት ቅድሚያ እንዳለው እይ። ትእዛዙን መጀመሪያ በሰረዝ ኤስ በማስመሰል ብቻ አስኪደው፤ «ይወገዳሉ» ከሚለው ሥር ያለውን አንድ በአንድ አንብብ። አፕግሬድ የተጫነ ፓኬጅ አያስወግድም፣ ዲስት-አፕግሬድ ግን ያስወግዳል፤ ሪፖ በተቀላቀለበት ማሽን ላይ እንዳትቸኩልበት። ልጁ እያንዳንዷን ቃል ይጽፋል።

በቀደም «ጋሼ፣ እስኪ ፖሊሲውን በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ያሳዩኝ» አለኝ። ባትሪው አልቋል አልኩት። ቻርጀሩ ተሰክቷል፤ ስክሪኑም በርቷል፤ ዚፐርም ከመፍትሔዎቹ አንዱን እንድመርጥ እየጠበቀ ነበር።