የኑዛዜ ማደሻ አዋጅ ቁጥር ሀ/ኃ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሰው ጉልበት ሳለው ቢቸና የሚያርስ፣ ሲደክም ሞጣ ልጁ ዘንድ የሚጦር በመሆኑ፤

በመካከሉ የሚወልድ፣ የሚቀየምና የሚታረቅ በመሆኑ፣ ኑዛዜውም አብሮት መታደስ ያለበት በመሆኑ፤

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ ጠመንጃ ያነሣ አገር ዛሬ ለአንድ ፊደል ጸጥ ብሎ የሚሰለፍ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ከላይ ተጽፏል። አጭር አይደለም።

2. ትርጓሜ

«ተናዛዥ» ማለት ወንበር ሳይሰጠው የሚቆም ሽማግሌ ነው። «ነገ» ማለት ነገ አይደለም።

3. ስለ ምስክር

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 881 አራት ምስክር ይጠይቃል። ይቅረቡ።

4. ስለ ስም

የተናዛዡ ስም በቀድሞው ኑዛዜ በብዙኃኑ ኃ፣ በመታወቂያው ግን በሃሌታው ሀ ተጽፎ ከተገኘ እንደ ሁለት ሰዎች ይቆጠራል፤ የአንደኛውን ኑዛዜ ሌላኛው መለወጥ አይችልም። ሆኖም፦

ሀ) (ይህ ሃሌታው ሀ ነው፤ ብዙኃኑ ዘንድ አይሠራም።) ሁለቱ ሰዎች አንድ ጋቢ፣ አንድ ከዘራና አንድ ሳል ያላቸው እንደሆነ ጉዳዩ ይመረመራል። አይወሰንም።

ለ) አራቱ ምስክሮች «እሱ ነው» ካሉ ቃላቸው ይመዘገባል። ከእነሱ ያንዱ ስም በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ መካከል የሚዋልል ከሆነ ግን አስቀድሞ የእሱ ማንነት በሌሎች አራት ምስክሮች ይጣራል፤ የእነሱም እንዲሁ፣ እስከ አዳም ድረስ። አዳም በአልፋው አ ነው፤ በዓይኑ ዐ ጽፎት የተገኘ ከአዳም ዘር አይቆጠርም።

ሐ) ተናዛዡ ፊደል ያልቆጠረ እንደሆነ፣ በማያነበው ፊደል ለተፈጠረው ስሕተት ተጠያቂ ይሆናል። ስሙን የጻፈው ጸሐፊ አይጠየቅም።

መ) ዕድሜው ሰማንያ ያለፈ ተናዛዥ አራት ጊዜ ከተመላለሰ በአምስተኛው ቅድሚያ ይሰጠዋል። ቅድሚያውን የሚሰጡት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ሠ) ለመሆኑ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ልጅ አባቴን አያውቀውም? ያውቀዋል እንጂ! «አባባ፣ እኔማ አውቅዎታለሁ፤ ወረቀቱ ነው የማያውቅዎት» ብሎታል፣ እየሳቀ። የየትኛው መሥሪያ ቤት መስኮት እንደሆነ አልናገርም። አባቴ የሞጣውን ቤት ለእኅቴ ሊያደርግላት ነበር የሚመላለሰው። የድሮው ኑዛዜ ቤቱን ለበኩር ልጅ ሰጥቶ ነበር፤ ያኔ እሷ ሕፃን ነበረች። ኋላ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ሌሊት ያገላበጠችው እሷ ናት። አራት ሰው ቤት ጠርተን እዚሁ እናስፈርም ብለን ለመንነው። አሻፈረኝ አለ። በ1989ኙ ድልድል መሬት በማኅተም ሲቆረስ ያየ ገበሬ ነው፤ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ለእሱ የስኳር መጠቅለያ ነው። አራት ጊዜ ቆመ። አንዱን ቀን በዝናብ።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

5. ስለ ቃል ኑዛዜ

ሞቱ የቀረበ ተናዛዥ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል። አንዱ ስጦታ ግን ከ500 ብር አይበልጥም፤ ይህ ገንዘብ በ1952 በሬ ይገዛ ነበር፣ ዛሬ ዶሮ መግዛቱም ያጠራጥራል። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ቃሉ ይፈርሳልና በጊዜ መሞት ግዴታው ነው።

አባቴ ሕግ አክባሪ ነበር። «ቤቱ የእሷ ነው» ባለ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ቤቱ ከ500 ብር ይበልጣል።

6. ስለ ጸኑ ሰነዶች

የቀድሞው ኑዛዜ የጸና ነው። ተጠቃሚው በኩር ልጅ፣ ማለትም የዚህ አዋጅ ጸሐፊ ነው።

7. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ጸሐፊው ቤቱን ለእኅቱ በስጦታ ላስተላልፍ ካለ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል። ቀርቧል። ነገ ተመለስ ተብሏል፤ በእሱ መታወቂያ ላይ የአባቱ ስም የተጻፈው በሐመሩ ሐ ነው።