አገልግሎትን ማበላሸት ለሚሻ ሰው የሚሆን ምክር

አገልግሎትን ከሥሩ ማበላሸት የሚፈልግ ክርስቲያን ማገልገሉን ማቆም የለበትም። ቢያቆም ቦታውን ሌላ ይይዘዋል፤ ልፋቱም ከንቱ ይቀራል። ይልቁንስ በትጋት ያገልግል፤ ማልዶ ይምጣ፣ አምሽቶ ይሂድ፤ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። ዓይኑን ከሚያገለግለው ሰው ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ ይመልስ። ሌላው ጥፋት ሁሉ ይህን ተከትሎ ይመጣል። የምሰጠው ምክር የተገላቢጦሽ ቢሆንም ከልቤ የምጽፈው ነው፤ ብዙ ቅን ሰዎች በመልካም ጀምረው የሚደክሙበትንና ሌላውንም የሚያደክሙበትን መንገድ በስሙ ካልጠራነው ማንም ከእሱ አይመለስም።

ትሕትናን ከጉልበት አውጥቶ ወደ ምላስ ማዛወር ጥሩ ጅማሬ ነው። መድረክ ላይ ሲወጡ «እኔ ደካማው፣ እኔ ምናምንቴው» እያሉ ረጅም ሰዓት መውሰድ ይቻላል፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት የተወራው ስለ ተናጋሪው ብቻ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የዮሐንስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ከማዕድ ከመነሣቱ በፊት፣ አብ ሁሉን በእጁ እንደሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደመጣና ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ ያውቅ እንደነበር ወንጌላዊው አስቀድሞ ይነግረናል። ማበሻውን የታጠቀው ማንነቱን በሚገባ እያወቀ ነው፤ ራሱን የሚያንኳስስ አንድም ቃል አልወጣውም። ሉቃስ ደግሞ በዚያው እራት ላይ ደቀ መዛሙርቱ ማን ይበልጣል ብለው መከራከራቸውን ጽፏል። በሰንበት ትምህርት ቤትና በጽዋ ማኅበር የሚነሣው የሰብሳቢነት ጠብ እንግዲህ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ በጌታ ማዕድ ዙሪያም ነበረ። በጸሎተ ሐሙስ ሊቃነ ጳጳሳትና ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ይህ ትምህርት እንዳይረሳ ነው። ሥርዓቱን ሳይነካ ትምህርቱን ማጥፋት ለሚሻ አገልጋይ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሐሙስ ዕለት እግር ይጠብ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የልጇን የክርስትና ምስክር ወረቀት ፈልጋ የመጣችውን እናት ከቢሮው ደጅ ግማሽ ቀን ያቁማት።

ከዚህ የሚከፋው ምጽዋትን ከተራበው ሰው ቀን ነጥቆ ከሰጪው ቀን ጋር ማሰር ነው። ለገናና ለፋሲካ ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ይዞ ወደ ድሆች ደጅ መሄድ፣ ካሜራው እስኪስተካከል አሮጊቷን ዕቃውን እንደያዙ ማቆም፣ ምርቃታቸው በደንብ ካልተቀረጸም እንዲደግሙት መጠየቅ። ሐምሌ ላይ፣ ጣሪያው ሲያፈስና የቀን ሥራ ሲጠፋ፣ ዝር አለማለት። ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ትእዛዝ የሰጪውን ነፍስ ከውዳሴ ከንቱ ለመጠበቅ ብቻ የተሰጠ አድርገን እንወስደዋለን። የተቀባዩንም ፊት ይጠብቃል። ችግሯን ከጎረቤት ሸሽጋ የኖረች ሴት መልኳ በአንድ ቀን በየሰው ስልክ ላይ ሲዞር፣ የተቀበለችው ዘይት ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ከፋይዋም ራሷ ናት። በተራበው ቀን መዋል ምን እንደሆነ ያሳዩን አበበች ጎበና ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት ለመሳለም ነበር፤ በወሎ መንገድ ላይ ያገኙት ግን ረሃብና የተራቡ ልጆችን ነው። ለተሳላሚ ያ ቀን የበረከት ቀን ነው፤ ለልጆቹ የሞት ቀን ነበር። እሳቸው በልጆቹ ቀን ዋሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በኋላ የብዙ ሺህ ልጆች መጠጊያ የሆነው ድርጅት ከዚያ ተነሣ።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታለፍ ተቃውሞ አለ። የተራበ ሰው የሰጪውን ልብ አይበላም፤ ዳቦው ዳቦ ነው፤ ለታይታ የመጣ ዳቦ ካልመጣ ዳቦ ይሻላል። እውነት ነው፤ እቀበለዋለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ አንዳንዶች በቅናትና በክርክር መንፈስ እንደሚሰብኩ እያወቀ፣ ክርስቶስ በመሰበኩ ደስ እንደሚለው ተናግሯል። ነገር ግን ለመታየት የሚመጣ ዳቦ መታየት ሲያቆም ይቀራል። የሚመጣበትን ሰዓት፣ የሚሄድበትን ሰፈር፣ የሚሰጠውን ሰው የሚመርጠው ታይታው ነው፤ ስለዚህ የአልጋ ቁራኛ የሆነው፣ ሽታ ያለበት፣ ማመስገን የማይችለው ታማሚ ይዘለላል። የልብ ሐሳብ ውሎ አድሮ የሥራውን መልክ ይለውጠዋል፤ ዳቦው ያው ዳቦ ቢሆንም የሚደርሰው ሌላ ሰው ጋ ነው። «ካልታየ ማን ይረዳል?» ለሚሉት ደግሞ መልሱ ከዚያው ከሐዋርያው ይገኛል። ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ የመቄዶንያን አብያተ ክርስቲያናት ልግስና ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ ነግሯቸዋል፤ በገንዘቡም ማንም እንዳይጠረጥረው አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል። የሰጪዎቹን ምሳሌነት አወጀ፣ ሒሳቡን ለዓይን ክፍት አደረገ፤ የተቀባዮቹን መከራ ግን ትዕይንት አላደረገውም።

ሁሉን ለብቻ መሥራትም አለ። ቁልፉን በኪስ ይዞ መዞር፣ ለማንም ሥራ አለማሳየት፣ ከዚያ «ሰው የለም፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» እያሉ ማማረር። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ መክሮታል፤ ሙሴም ሰማው። በሐዋርያት ሥራ 6 ላይም ከግሪክ አይሁድ ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለት ምግብ ሲረሱ፣ ሐዋርያቱ ቅሬታውን እንደ ድፍረት አልቆጠሩትም፤ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ማዕድ ለማስተናገድ የተፈለጉት መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ነበሩ፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም ከእነሱ አንዱ ነው።

ከማበላሻዎቹ ሁሉ ጎልቶ የማይታየው ግን የተረዳን ሰው ለዘላለም ተረጂ አድርጎ ማስቀረት ነው። ሐኪሞቹ ካትሪን እና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነበር፤ በምጥ የተጎዱትን፣ በሽታው ከሰው የለያቸውን የፌስቱላ ታማሚዎች ካዩ በኋላ ዕድሜያቸውን እዚሁ ጨረሱ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ በሚሠሩበት ሆስፒታል አልጋ በማንጠፍ ጀምራ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል እያገዘች ተምራ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች። አገልግሎትን ማበላሸት የሚሻ ሰው ይህን ዓይነት ነገር መከልከል አለበት። «እሷ እኮ ምስኪን ናት» ማለት ብቻ ይበቃዋል፤ ቃሉ ርኅራኄ ይመስላል፣ በሩን ግን ይዘጋል።

ያዘነን ሰው ማበርታትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ቶሎ ተናገር። ለቅሶ ቤት ገብተህ ከመቀመጥህ «ለበጎ ነው» በል፤ ሥራ ላጣው ሰው የእምነት ጉድለት ፈልግበት። ኤልያስ ግን ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኖ በተኛ ጊዜ መልአኩ ስብከት አላመጣለትም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፣ በላ፣ ተመልሶ ተኛ፣ ዳግመኛም ቀሰቀሰውና መገበው። ታዲያ ተግሣጽ የለም ወይ? አለ፤ «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ግን ነቢዩ በልቶ፣ ተኝቶ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆችም ሲጀምሩ መልካም ጀምረው ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ መከራውን ትተው ጥፋቱን መፈለግ ጀመሩ፣ የእግዚአብሔር ጠበቃ የሆኑም መሰላቸው። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፤ ይቅርታ እንዲያገኙም ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ወደ እሱ ሄዱ።